የታሳሪው ስንቅና የምክር ቤቱ ክርክር

ታሳሪዎችን የሚጠይቅ የአገልግሎት ቡድን የሌለው አጥቢያ ዛሬ ጥቂት ነው። በበዓል ሰሞን ዳቦ እንጋግራለን፤ ሳሙናና ልብስ እናሰባስባለን፤ መዘምራኑም ይዘጋጃሉ። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ን ያነበበ ክርስቲያን ይህን ለማድረግ ብዙ ስብከት አያስፈልገውም። ነገር ግን ዳቦው በሩን ካለፈ በኋላ ያለውን ኑሮ ማን ይወስነዋል? ታሳሪው በአንድ ክፍል ከስንት ሰው ጋር እንደሚተኛ፣ ሲታመም ማን እንደሚያየው፣ ልጇን ታቅፋ የታሰረች እናት ለሕፃኑ ወተት ከየት እንደምታገኝ፣ ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበተው ሰው በስንተኛው ቀን እንደሚወጣ የሚወስነው ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ የሚወጣው ሰዎች ተከራክረው እጃቸውን በሚያወጡበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ዛሬ ስለዚያ አዳራሽ ላጫውታችሁ እፈልጋለሁ። "ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ" የምትሉ ወገኖቼ ገጹን አትለፉብኝ፤ ስለ ፓርቲ አላወራም።

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የምሳ ዕቃ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋርሳዬ፣ ማለትም የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ከሚሠራበት መጋዘን በጠፋ ዕቃ ተጠርጥሮ ታሰረ። ጉዳዩ እስኪቋጭ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ በሥራ ቀን መውጣት አይችልም። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ስንቅ የማድረሱ ድርሻ የእኔ ሆነ፤ ቅዳሜ ደግሞ አብረን እንሄዳለን። ቤተሰቡ የታሰረበት ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። በጠዋት ወረፋ ይያዛል፤ መታወቂያ ይሰጣል፤ ፍተሻ ይታለፋል። ከዚያም የምሳ ዕቃው ክዳን ይከፈትና ፖሊሱ "ቅመሺ" ይላል። ካመጣሁት ቆርሼ እጎርሳለሁ። አንድ ቀን የጾም ጸሎት ላይ ሆኜ ይህ ትእዛዝ ሲመጣብኝ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ፖሊሱም ነገሩ ገብቶት "እግዚአብሔር ያያል፣ ቅመሺ" አለኝ።

በሁለተኛው ወር ዋርሳዬ እንጀራ እንድንጨምር ጠየቀን። አጠገቡ የሚተኛ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ወጣት ነበር፤ ጠያቂ የለውም። መንግሥት የሚያቀርበው ምግብ አለ፤ ሆኖም የቤት ስንቅ የሚገባለትና የማይገባለት ሰው በፊቱ ይለያል። ጨመርን። ቆይቶ ሌላ አንድ ሰው ተጨመረ። ባለቤቴ በወሩ መጨረሻ የቤታችንን ወጪ ሲደምር "ለአንድ ያልነው ለሦስት ሆነ" አለ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበርና በዚያች ምሽት እራት ሳንበላ አደርን። የተጣላነው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም። እርሱ "የእኛ ድርሻ ስንቅና ጸሎት ነው፤ ሌላው የመንግሥት ነው" ይላል። እኔ ደግሞ "ሦስቱን ስናበላ የቀሩትን መቶዎቹን ማን ያብላ?" እላለሁ። ባልና ሚስት እንዲህ ያለ ክርክር ሲይዙ ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም ጥቅሳቸው ትክክል ነው፤ እራቱ ግን ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ዋርሳዬን በነፃ አሰናበተው። ቀኑ ሐሙስ ነበር። አማቴ ያንኑ ዕለት ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቡና አቅርበው ጠበቁ። ልጁ የወጣው ግን ማክሰኞ ነው። የመፍቻው ደብዳቤ አልደረሰም ተባለ፤ ሲደርስ የመዝገቡ ቁጥር ተሳስቷል ተባለ፤ ሲስተካከል ደግሞ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። አማቴ አምስት ቀን ሙሉ ቡናውን እያፈሉ ለጎረቤት አጠጡት። ሲወጣ ሁሉም ሰው "እንኳን እግዚአብሔር አስፈታህ" አለ፤ እኔም ብያለሁ። ግን ያ አምስት ቀን ከልቤ አልወጣ አለ። ንጹሕ ነህ ከተባለ በኋላ የታሰረበትን ቀን ምን ብለን እንጠራዋለን?

ይህን ጥያቄ ይዤ ሳለሁ ነው የጆን ሃዋርድን ታሪክ ያገኘሁት። ሃዋርድ በእንግሊዝ አገር የቤድፎርድሺር አውራጃ ሸሪፍ ሆኖ የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው። ሹመቱ በአብዛኛው የክብር ነበር፤ እስር ቤቱን የሚያየው ምክትሉ ነበር። ሃዋርድ ግን ራሱ ገብቶ አየ። የጸና አማኝ ነው፤ ሚስቱ ወንድ ልጅ በወለደች በጥቂት ቀናት ሞታበታለች፤ ራሱም በ1756 ወደ ሊዝበን ሲጓዝ በፈረንሳዮች እጅ ወድቆ የእስርን ጣዕም ቀምሷል። በቤድፎርድ ያገኘው ነገር ይህ ነው። የእስር ቤቱ ሹም ደመወዝ የለውም፤ የሚኖረው ከእስረኞቹ በሚቀበለው ክፍያ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት በነፃ የለቀቀው ሰው፣ ከሳሽ ያልቀረበበትም ሰው፣ የመውጫ ክፍያውን ካላሟላ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ወራት የቆዩ ነበሩ። የእኛ አምስት ቀን ትዝ አለኝ። በእኛ ዘንድ ገንዘብ የጠየቀን የለም፤ ያዘገየን ወረቀት ነው። ለታሳሪው ግን በሩ ያው ዝግ ነው።

ሃዋርድ የአውራጃውን ዳኞች "ለሹሙ ደመወዝ ክፈሉትና ይህ ክፍያ ይቅር" አላቸው። እነርሱም "ይህን ያደረገ ሌላ አውራጃ ካለ አሳየን" አሉት። ምሳሌ ፍለጋ ፈረሱን ጭኖ ወደ ጎረቤት አውራጃዎች ወጣ። ምሳሌውን አላገኘም፤ የባሰ ነገር ግን በብዙ አገኘ። እንደ ጻፈው ከሆነ ልብሱ በእስር ቤቱ ሽታ ከመበከሉ የተነሣ መስኮቱ በተዘጋ ሠረገላ መሄድ አልቻለም፤ በፈረስ መጓዝ ግድ ሆነበት። ማስታወሻ ደብተሩም ስለሚሸት ከመጻፉ በፊት ገጾቹን አንድ ሁለት ሰዓት እሳት ፊት ይዘረጋቸው ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤት ስገባ ነጠላዬን በረንዳ ላይ የምሰቅለው ነገር ትዝ ብሎኛል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1774 ሃዋርድ በለንደን ከሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ፊት ቀረበ። ያየውን ተናገረ፤ ምክር ቤቱም በይፋ አመሰገነው። ከአባላቱ አንዱ "ይህን ሁሉ የዞርከው በማን ገንዘብ ነው?" ብሎ እንደ ጠየቀው ይነገራል። ሰው በራሱ ኪስ እስር ቤት ለእስር ቤት ይዞራል ብሎ ማመን አልቻለም ይሆናል። በዚያው ዓመት አሌክሳንደር ፖፓም የተባለ እንደራሴ ያቀረባቸው ሁለት ሕጎች ጸደቁ። የመጀመሪያው በነፃ የተለቀቀን ሰው ለመውጫ ክፍያ ማቆየትን አስቀረ። ሁለተኛው የክፍሎቹ ግድግዳ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተፍቆ በኖራ እንዲቀባ፣ አየር እንዲገባ፣ ለሕመምተኞች የተለየ ክፍል እንዲኖርና ሐኪም እንዲመደብ አዘዘ።

እንደራሴዎቹ ይህን ያጸደቁት በርኅራኄ ብቻ ነው ብዬ አላስብም። በ1750 ከኒውጌት እስር ቤት ለፍርድ የመጡ እስረኞች ተስቦ ይዘው በመምጣታቸው በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት የከተማይቱ ከንቲባ፣ ሁለት ዳኞችና ሌሎች ብዙ ሰዎች ሞተዋል። ቅማሉ ከእስረኛው ሸሚዝ ወደ ዳኛው ካባ ሲሻገር ማንንም አላስፈቀደም። ለሌላው ስቃይ ያልተከፈተ ጆሮ ለራሱ ሕይወት ሲፈራ የሚከፈትበት ጊዜ አለ። ያሳዝናል፤ ቢሆንም ኖራው ተቀባ እላለሁ።

ተቀባ ማለቴም በጥቂት ቦታ ነው። ሃዋርድ ሕጎቹን በራሱ ወጪ አሳትሞ ለየእስር ቤቱ ሹም ላከ፤ ብዙዎቹ ግን ከሕጉ ይልቅ ልማዳቸውን ጠበቁ። ሕጉ አድርጉ ይላል፤ መደረጉን ሄዶ የሚያይ ሰው ግን አልመደበም። ሃዋርድ እስከ ዕለተ ሞቱ በአውሮፓ እስር ቤቶች ሲዞር ቆይቶ በ1790 በጥቁር ባሕር አቅራቢያ በኬርሶን ከተማ በትኩሳት ሞተ።

ከሕጎቹ 39 ዓመት በኋላ፣ በ1813፣ አንዲት የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ኒውጌት ገባች። ኤልሳቤጥ ፍራይ ትባላለች፤ ኩዌከሮች ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ናት፤ የባንክ ባለቤት ሚስትና የብዙ ልጆች እናት። በሴቶቹ ክፍል ወደ 300 የሚጠጉ ሴቶች ከነልጆቻቸው ታጭቀው አገኘች፤ የተፈረደባትም ያልተፈረደባትም አብረው፣ በወለል ላይ። የዚያን ቀን የወሰደችው ለሕፃናቱ የሚሆን ልብስ ነበር። ልክ እኛ እንደምናደርገው ማለት ነው። ከዚያ አራት ዓመት ያህል ሳትመለስ ቆየች፤ ወለደች፣ ታመመች፣ አንዲት ትንሽ ልጇንም ቀበረች። እህቶቼ ሆይ፣ አገልግሎት ጀምራችሁ በልጅና በሕመም ምክንያት ስታቋርጡ ራሳችሁን የምትኰንኑ ካላችሁ ይህችን አራት ዓመት አስታውሱ።

ስትመለስ በ1817 ለእስረኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ለእናቶቹም የልብስ ስፌት ሥራ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ የመተዳደሪያ ደንቡ ነገር ነው። ደንቡን ጽፋ ግድግዳ ላይ አልለጠፈችም። አንድ በአንድ እየተነበበላቸው እስረኞቹ ራሳቸው እጃቸውን እያወጡ አጸደቁት። ከሕግ በታች እንጂ በሕግ ላይ ድምፅ ኖሯቸው የማያውቁ ሴቶች ናቸው።

የካቲት 27 ቀን 1818 ደግሞ ወይዘሮ ፍራይ ራሷ ስለ ለንደን እስር ቤቶች የሚያጣራ የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሴት መምረጥም መመረጥም በማትችልበት ዘመን ነው። ኮሚቴው ስለ ክፍሎቹ መጨናነቅ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጠባዩ ጠየቃት፤ ያየችውን መለሰች። ሴት እስረኞችን የሚጠብቁ ሴቶች እንዲሆኑም አሳሰበች። በዚያው ዓመት የእህቷ ባል ቶማስ ፎዌል በክስተን ለምክር ቤት ተመረጠ፤ ስለ እስር ቤቶች የጻፈውም መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታተመ። ይኸው ሰው ነው ኋላ ባርነትን ለማስቀረት በምክር ቤት የታገለው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዷ በበሩ ትገባለች፣ አንዱ በአዳራሹ ይናገራል። ቤተሰብ ለቤተሰብ ሥራ ስናከፋፍል እንዲህ ያለ ክፍፍል ለምን አይታየንም?

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ፤ ምክንያቱም ክርክሩ የዚያ ዘመን ብቻ አይደለም። በክስተን የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ዳኛ የሚፈርደው ነፃነትን በማሳጣት ነው፤ ረኃብን፣ ብርድን፣ በሽታንና የባሰ ወንጀል መማርን አልፈረደም። ስለዚህ ንጹሕ አየር፣ የሚበቃ ምግብና መንቀሳቀሻ መከልከል ከፍርዱ በላይ የተጨመረ ቅጣት ነው። ገና ያልተፈረደበት ሰው ደግሞ በሕግ ፊት ንጹሕ ነው። በሌላው ወገን ሲድኒ ስሚዝ የተባለ ቄስና ስመ ጥር ጸሐፊ ነበር። የወይዘሮ ፍራይን ደግነት ያከብራል፤ ነገር ግን እስር ቤት የሚያስፈራና የሚከብድ ቦታ ካልሆነ ወንጀለኛው ለምን ይመለሳል ብሎ ይሟገታል። በ1820ዎቹ መጀመሪያ የጻፋቸው ጽሑፎቹ ብዙ አንባቢ ነበራቸው።

የስሚዝን ሐሳብ እንደ ጨካኝ ሐሳብ ብቻ ወስዶ መጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን በታክሲ ውስጥ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ስንቅ ይዤ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ሌባ ሲቀለብ ያልሰረቀው ልጄ ጦሙን ያድራል" ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም፤ ረኃቧ እውነት ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ እንዲህ ይታየኛል። ውጭ ያለ ድሃ በሩ ክፍት ነው። ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ የቀን ሥራ ይፈልጋል፣ አገር ይቀይራል፣ ሲብስበት ይለምናል። የተቆለፈበት ሰው ግን እነዚህ ሁሉ ተወስደውበታል። ቁልፉን የያዘው ሰው ቁልፉን ሲይዝ ምግቡን፣ ውኃውንና ሐኪሙንም በእጁ ይዟል። ቁልፉን ወስዶ ቀሪውን መተው አይችልም። የሴትዮዋ ልጅ መብላት አለበት፤ የታሳሪውን ሳህን በማጉደል ግን የእርሱ ሳህን አይሞላም። ደግሞስ በዚያች ሳህን የሚበላው ነገ ነፃ የሚባል ዋርሳዬ ቢሆንስ? እስረኛ ሁሉ ሌባ ነው ያለን ማን ነው?

በ1823 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ያቀረበው የእስር ቤቶች ሕግ ጸደቀ። ሹሞቹ ከእስረኛ ኪስ መሆኑ ቀርቶ በደመወዝ እንዲኖሩ፣ ሴቶችን ሴቶች እንዲጠብቁ፣ ቄስና ሐኪም በየጊዜው እንዲጎበኙ፣ ዳኞችም እየገቡ እንዲያዩና እንዲያስታውቁ አዘዘ። የፍራይ ምስክርነት እዚያ ውስጥ ይታያል። ሆኖም ትንንሽ የከተማ እስር ቤቶችንና ባለዕዳዎች የሚታሰሩባቸውን አልነካም፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪም አልነበረውም። ተቆጣጣሪዎች የተሾሙት በ1835 በወጣ ሕግ ነው። ከሃዋርድ ምስክርነት እስከዚያ ስትቆጥሩት 61 ዓመት ነው። ትዕግሥት የሌለን እኛ በአንድ ኮንፈረንስ ሁሉ እንዲለወጥ እንጸልያለን!

ለባለትዳሮች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ወይዘሮ ፍራይ አሥራ አንድ ልጆች ወልዳለች፤ "ቤቷን ጥላ እስር ቤት ትዞራለች" የሚል ሐሜት አልተለያትም። በ1828 የባለቤቷ የጆሴፍ ፍራይ ባንክ ሲወድቅ ወሬው በረታ። ጆሴፍን የገዛ ማኅበሩ ከአባልነት አሰናበተው፤ ትልቁን ቤታቸውንም ለቅቀው ወጡ። እርሷ ግን ሥራዋን አልተወችም። ይህን የምነግራችሁ ቤታችሁን ተዉ ለማለት አይደለም። በሥራ ያሉ ሰዎች ቤት ውስጥም እራት ሳይበላ የሚታደርበት ምሽት እንደ ነበረ ለመናገር ነው።

ደግሞ የአማኞች ቅንዓት ሁልጊዜ ወደ ደግነት አያመራም። እስረኛው ለብቻው ቢሆን ኃጢአቱን አስቦ ይመለሳል የሚል ሐሳብ በእንግሊዝም በአሜሪካም በክርስቲያኖች መካከል ተስፋፍቶ ነበር። በ1842 በለንደን የተከፈተው ፔንቶንቪል የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። እስረኛው ቀኑን አብዛኛውን በክፍሉ ብቻውን ይቆያል፤ ሲወጣ ፊቱን የሚሸፍን ቆብ ያደርጋል፤ ከማንም ጋር አይነጋገርም። መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ ነበረ፤ ነገር ግን አእምሮአቸው የተነካ ብዙዎች ሆኑ። ወይዘሮ ፍራይ ለብቻ ማሰርን አልወደደችውም። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው ደንብ ሰውን ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ለብቻው ማሰርን ይከለክላል። ከሔዋን በፊት ሰው ብቻውን መሆኑ መልካም እንዳልሆነ የሚናገረውን ምዕራፍ እያነበቡ ያን ቆብ ያሰፉ ሰዎች እንዴት እንዳላዩት ይደንቀኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህ ጉዳይ ለወንጌል አማኞች ባዕድ ሊሆን አይገባም ነበር። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የቆመበት ስፍራ ከርቸሌ እንደ ነበረ፣ በውስጡም "ዓለም በቃኝ" የሚባል ክፍል እንደ ነበረ አባቶቻችን ያውቃሉ። በደርግ ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ተወስደው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። በእያንዳንዱ አሮጌ አጥቢያ እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው እናቶች አሉ። ቁጭ ብለን ብንጠይቃቸው ውኃው በስንት ጣሳ ይከፋፈል እንደ ነበር ይነግሩናል።

ዛሬ ሕጉ አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው እንዲጠበቅ ያዝዛል። ሊጎበኟቸው የሚገቡትንም ይዘረዝራል፤ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ። እኔ በበሩ ላይ የቆምኩት በሞገስ ሳይሆን በዚህ አንቀጽ ነው። ይህን ሳውቅ ወረፋው ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ መቆም ጀመርኩ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 365 ወህኒ ቤት የሚለው ቀርቶ ማረሚያ ቤት ተባለ፤ በ1999 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የታራሚዎች አያያዝ ደንብ አወጣ፤ በ2012 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲሱን የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174ን አጸደቀ። ጥሩ ነው። ስም መለወጡ እንኳ ጥሩ ነው፤ መታረም የሚችል ሰው ተስፋ አለው ማለት ነውና። ሆኖም በሃዋርድ ዘመን የጎደለው ሄዶ የሚያይ ዓይን ነበር፤ የእኛም ጥያቄ እዚያው ላይ ነው። ረቂቅ ሕግ ለውይይት ሲቀርብ ሐሳብ መስጠት ይቻላል፤ በአካባቢያችን የመረጥነውን ተወካይ ማነጋገር ይቻላል፤ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል። ከእኛ መካከል በየሳምንቱ በሩን የሚያልፉ አሉ። ጳውሎስ ከእስር ቤት በርኖሱን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ሲጠይቅ ክረምቱ እየመጣ ነበር፤ ሄኔሲፎሩ ደግሞ በሮም ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ ሰንሰለቱ አላሳፈረውም። ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ያየውን መናገርም ይችላል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በክፍል በክፍል አነበብኩለት። "ስንቅና ጸሎት" የሚለውን አቋሙን አልለቀቀም፤ አሁንም ስለ ምክር ቤት ሳወራ ጋዜጣውን ከፍ ያደርጋል። የሃዋርድን ማስታወሻ ደብተር ግን ወደደው፤ የሒሳብ ሰው አይደለ! አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን የጥየቃ ቡድን ጋር ሲሄድ መስመር ያሰመረበት ደብተር ይዞ ወጣ። ስም አይጻፍበትም፤ የሰው ምስጢር ነውና። በአንዱ መስመር ብርድ ልብስ የሌላቸው ቁጥር፣ በሌላው ሐኪም ቤት ሪፈር ተብለው ያልሄዱ፣ በሌላው ጠያቂ የሌላቸው ይሞላሉ። በየሦስት ወሩ ቡድኑ ደብተሩን ይዞ የማረሚያ ቤቱን ኃላፊ ያነጋግራል። ኃላፊው መጀመሪያ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ነበር፤ አሁን አልፎ አልፎ ራሱ "ስንት ደረሰ?" ይላል። ብርድ ልብሱ ላይ የተሻሻለ ነገር አለ። ሪፈሩ ገና ነው፤ መኪና የለም ይባላል።

በመጨረሻው ገጽ ባለቤቴ ሁለት መስመር ለብቻ አስምሯል። በአንደኛው ታሳሪው በነፃ የተሰናበተበት ቀን ይጻፋል፤ በሁለተኛው ከበሩ የወጣበት ቀን። ባለፈው ወር አራት ሰዎች ተመዝግበዋል። ሦስቱ በዚያው ዕለት ወጥተዋል፤ አራተኛው በሦስተኛው ቀን ነው።